በየስምንተኛው ቤት

ጥቅምት 22 ቀን 2008፣ ሰኞ

ቧንቧው ዛሬም ደረቅ። አራተኛ ቀኑ። በግማሽ ኩባያ ፊቴን፣ በቀረችው ጥርሴን... ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ ወጣሁ። ከደጃፌ ላይ ቆሜ የገፈርሳ ግድብ ይታየኛል፣ ከባህር ዛፉ ጀርባ ሙሉ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በቡራዩ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ግድቡ ሙሉ፣ ጀሪካኔ ባዶ፤ በአማካይ ሁለታችንም ግማሽ ነን። የስታቲስቲክስ ዲግሪ ለዚህ ይጠቅማል።

ቢሮ ሥልጠና ነበር። አሥራ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች። ሥራው ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ሱሉልታም ሰበታም ሄደን ቤት ለቤት ጠይቀናል፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ውሃ መጣ? ከዚያ ሱሉልታ ላይ አዲስ መስመር ተዘረጋ፣ ሰበታ ላይ አልተዘረጋም። አሁን ተመልሰን እነዚያኑ ቤቶች ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን። ሱሉልታ ከሰበታ የበለጠ ከተሻሻለ ፕሮጀክቱ ሠርቷል። እኩል ከሆኑ ግን ብረት መሬት ውስጥ ተቀብሯል እንጂ ሌላ የተደረገ ነገር የለም።

ሞቱማ ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ። "ሚስ አማካይ፣ ሰበታዎች ለእኛ ለምን አልተዘረጋም ቢሉስ?"

"ማነጻጸሪያ ስለሆናችሁ ነው በላቸው።"

"እሺ። ያለችው እሷ ናት ብዬ ስልክሽን እሰጣቸዋለሁ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም። ሞቱማ የሱሉልታው ቡድን አስተባባሪ ነው። የዚያው አገር ልጅ፣ ላይኛው ሰፈር ከአክስቱ ጋር የሚኖር። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የሱ ፎርም ላይ ስህተት ፈልጌ አግኝቼ አላውቅም። እሱ ግን የኔን ያገኛል፣ ደግሞም ለሁሉም ያወራል።

ጥቅምት 26፣ ዓርብ

ያለፈው ዙር ምልክት ጠፍቷል። ያኔ በጠመኔ ነበር በሩ ላይ የጻፍነው፤ ዝናብ አጠበው። በየስምንተኛው ቤት ስለምንጠይቅ ምልክት ከሌለ ተቆጣጣሪው የተጠየቀውን ቤት ካልተጠየቀው አይለይም። ስለዚህ ቀለም።

ከሞቱማ ጋር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባን። ነጭ አልቋል። አረንጓዴ አልቋል። ቀይ ሞልቷል።

"ቀይ ይሁን እንዴ?" አለ።

"ቀለም ቀለም ነው። ሰኞ መጀመር አለብን።"

ትከሻውን ነቀነቀ። ፊደሎቹንም እኔ ነኝ የመረጥኩት። ፕሮጀክቱ የደረሰበት ሱሉልታ "ማ"፣ ማሻሻያ ለማለት። ሰበታ "ን"፣ ንጽጽር ለማለት። አጭር፣ ግልጽ። ራሴን አደነቅኩ... መቼም ራስን ለማድነቅ ሰው አያስፈልግም።

ህዳር 6፣ ሰኞ

ምልክቱ ባለፈው ሳምንት አለቀ፣ መቶ ሃያ ቤት ሱሉልታ፣ መቶ ሃያ ሰበታ። ዛሬ ጥያቄው ተጀመረ። እኔ ሱሉልታ ታችኛው ሰፈር ዋልኩ።

አንዲት እናት ጥያቄውን ስጠይቃቸው "አየሩም ይቆጠራል?" አሉኝ። ምን አየር? ቧንቧውን ሲከፍቱት ሱስስስ ይላል፣ ቆጣሪው ይዞራል፣ ጠብታ ግን የለም። "መጣ ልበል ወይስ አልመጣም?" ይሄን ያህል ቀጥተኛ ጥያቄ ከአለቆቼ ሰምቼ አላውቅም። መመሪያው ላይ በእጄ ጨመርኩ፦ አየር ውሃ አይደለም።

ሰበታዎች "ን" ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸዋል አሉ። አንዱ ባለሱቅ "የንግድ ፈቃድ ነው?" ብሎ በሩን ፎቶ አንስቷል።

ህዳር 13፣ ሰኞ

ታችኛው ሰፈር አለቀ። ሰባ ቤት፣ በአማካይ በሳምንት 4.6 ቀን። ጥሩ ነው! በቅንነት ደስ አለኝ። በዚህ ሥራ እውነተኛ መሻሻል ማየት እንደ ዕጣ ነው።

ላይኛውን ሰፈር፣ ሃምሳውን ቤት፣ ሞቱማ ራሱ ይዞታል። እዚያ የሚያምኑት እሱን ነው፣ በኦሮምኛ ነው የሚጠይቃቸው። ማታ ማታ ደውሎ የቀኑን ይነግረኛል፣ እኔም እዚሁ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። ዛሬ አምስት ቤት፦ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1። መስመሩ ደርሷል፣ ውሃው ግን ዳገቱን አይወጣም። ፕሮጀክቱ በጊዜያዊነት ረቡዕ ረቡዕ ቦቴ ይልካል። ሰፈሩ የሚኖረው በዚያ ቦቴ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላን። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው፣ ጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተዋል... ረዳቱ ራሱ ሒሳብ መቀበል ረስቶ ይሰማል። እኔ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። የቁጥር ሰው ነኝ፣ ምን አገባኝ?

ህዳር 24፣ ዓርብ

ሞቱማ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው።

"የሺ፣ ቆርቆሮ እያወረዱ ነው።"

"እነማን?"

"የኛዎቹ። ምልክት ያለባቸው ቤቶች።"

አልገባኝም። ደግሞ ነገረኝ። በራቸው ላይ ቀይ "ማ" የተጻፈባቸው ሰዎች ቤታችን ሊፈርስ ነው ብለው ጣሪያቸውን ራሳቸው እየነቀሉ ነው። ዶዘር ከመጣ ቆርቆሮውም ይጨፈለቃል፣ ቀድመው ካወረዱት ግን ቢያንስ እሱ ይተርፋል።

"ማ ማስተር ነው ይላሉ። የለም፣ ማፍረስ ነው የሚሉም አሉ።"

ወንበሩ ላይ ቀረሁ። የሚፈርስ ቤት በቀይ ቀለም ምልክት እንደሚደረግበት የማያውቅ ሰው አለ? እኔ ቡራዩ እየኖርኩ! የጎረቤቶቼ በር ላይ ስንቴ አይቼው... ቀለም ቀለም ነው አልኩ፣ አይደል?

ህዳር 25፣ ቅዳሜ

ከሹፌሩ ከወንዲ ጋር ወጣን። ላይኛው ሰፈር አሥራ ዘጠኝ ቤት ጣሪያ የለውም። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእህል ጆንያ፣ ሁሉም ሰማይ ያየዋል። ሰዎቹ አላረፉም፣ ሚስማር እያቃኑ ነበር። ለሚቀጥለው ቤት።

ሞቱማ ኦቦ ቀጄላ ጋ ወሰደኝ። ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ግድግዳቸውና በራቸው ብቻ ቆሟል፣ በሩ ላይ የኔ "ማ"።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ" አልኩ። የማውቃት ሰላምታ ይቺው ናት።

"ነጋ፣ ደህና። አንቺ ነሽ ባለቀለሟ?"

"ለውሃ ጥናት ነው አባቴ። ማ ማለት ማሻሻያ ማለት ነው።"

"ማሻሻያ..." ቃሉን አኘክ አደረጉት። "መንገዱ ሲመጣም ማሻሻያ ነው ብለውናል። ፋብሪካው ሲመጣም። እያንዳንዱ ማሻሻያ ካለፈ በኋላ ማሳዬን ስለካው አጥሮ አገኘዋለሁ። ልጆቹ ማስተር ነው ካሉኝ፣ አንቺ ደግሞ ማሻሻያ ካልሽኝ፣ ልዩነቱ ምንድነው?"

ስለ ቧንቧው መስመር ላስረዳ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ለውሃ ከሆነ የጎረቤቴን በር ለምን ዘለላችሁት? እሱ ውሃ አይጠጣም?"

"በየስምንተኛው ቤት ነው የምንጠይቀው። የትኛው ቤት ላይ እንደምንጀምር በዕጣ ነው የሚወሰነው።"

"ዕጣ?"

"አዎ፣ ዕጣ። አድልዎ እንዳይኖር።"

ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ከስድብ በላይ ነው የተሰማኝ። "የወንድሜ ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ዕጣ ሲወጣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የሚጨበጭቡት ሌሎች ናቸው። ለኛም አንድ ቀን ዕጣ ይደርሰናል ብዬ ነበር፣ ይኸው ደረሰኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬውኑ እናጠፋዋለን።"

"አጥፉት። ጣሪያዬን ግን ማን ይሠራልኛል?"

መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ወንዲ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገልኝ፣ ጨዋ ነው።

ህዳር 28፣ ማክሰኞ

ሞቱማ ሃምሳውንም ቤት ጨረሰ። ጣሪያ ከሌላቸው ጭምር። እንዴት እንዳናገሩት አላውቅም። የላይኛው ሰፈር አማካይ 0.4።

ቀለሙ በውሃ አይለቅም፣ ደግሞስ ውሃ የት አለና? በነጭ ጋዝና በጨርቅ ይለቃል። ለሞቱማ እንዲያጠፋ ነገርኩት።

"በዚህ ሰሞን? ነጭ ጋዝ ይዤ?"

"ቶሎ ይጥፋ ሞቱማ። ሌላ ሰው ጣሪያውን ሳያወርድ።"

"እሺ" አለ። ሁልጊዜም እሺ ይላል።

ታህሳስ 2፣ ቅዳሜ

ሞቱማን ወሰዱት።

የነገረኝ ወንዲ ነው፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ አይቷል። ሠላሳ አንድ በር አጥፍቶ ነበር። ከታች አስፋልቱ ላይ ሰው ወጥቶ ነበር፣ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ጎማ ይቃጠላል። ተኩስ ተሰማ። የመንግሥት ታጣቂዎች የሚሮጠውን ተከትለው ወደ ላይኛው ሰፈር ወጡ፣ እሱን በር ስር አገኙት። ነጭ ጋዝ። ጨርቅ። እስከ ክርኑ የቀላ እጅ። ቦርሳው ውስጥ የመቶ ሃያ አባወራ ስም ዝርዝር ከነቤት ቁጥሩ። ያልተረከብኩት ሃምሳው ፎርምም አብሮ።

እኔ እነሱን ብሆን ምን አስብ ነበር?

እኔ ነኝ የላክሁት። ነጭ ጋዙን ያልኩት እኔ ነኝ።

ታህሳስ 4፣ ሰኞ

መንገዱ ለሰዓታት ተዘግቶ ተከፈተ። እንደምንም ፖሊስ ጣቢያው ደረስኩ። መታወቂያዬን አሳየሁ። ያነጋገረኝ ሰውዬ ረጋ ያለ ነበር፣ ይሄ ነው የባሰው።

"ቤት ሊያቃጥል ነበር" አለኝ።

"ቀለም ሊያጠፋ ነበር።"

"ቀለሙን ማን ቀባው?"

"እኛ።"

"ለምን?"

"ለውሃ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ለውሃ ብላችሁ ቀይ ቀለም ቀባችሁ፣ ከዚያ በነጭ ጋዝ እንዲያጠፋው ላካችሁት። እኔ ይሄን እንደዚህ ብዬ ልጻፍ?"

እውነት ነው፣ ይጻፉ አልኩ። ከመሥሪያ ቤትሽ ክብ ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ማን እንደላከው፣ ለምን እንደላከው። ያ ከመጣ ይታያል።

በር ላይ አክስቱን አገኘኋቸው፣ እሱ አዳዳ የሚላቸውን ተረፈችን። ምሳ ዕቃ በነጠላ ጠቅልለው ቆመዋል። አላስገቧቸውም። "አንቺ ነሽ የላክሽው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምነው በሰደቡኝ ብዬ ተመኘሁ።

ታህሳስ 5፣ ማክሰኞ

ጋሽ ዳኜ ጋ ገባሁ፣ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ አንድ ማህተም፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

በሩን ራሳቸው ተነስተው ዘጉት። "የሺዬ፣ አሁን በዚህ ጊዜ የቢሮውን ስም ከዚያ ነገር ጋር በጽሑፍ ላያይዝ? ነገ በሩ ቢታሸግ ሃያ ሦስት ሰው ነው የሚበተነው።"

"ሞቱማስ?"

"አልረሳሁትም። መጀመሪያ ሪፖርቱን እንጨርስ። ሪፖርቱ ጥሩ ከሆነ ፕሮጀክቱ ራሱ ከኋላችን ይቆማል። ያኔ የምጽፈው ደብዳቤ ክብደት ይኖረዋል።"

ጥሩ ከሆነ። የሰማሁት ይቺን ብቻ ነው።

ታህሳስ 14፣ ሐሙስ

ቁጥሮቹን አሰላሁ። እዚህ ላስቀምጣቸው፣ ሌላ ቦታ አይቀመጡም።

ሱሉልታ ከሁለት ዓመት በፊት 2.1 ቀን። አሁን፣ ታችኛው ሰባ ቤት በ4.6፣ ላይኛው ሃምሳ ቤት በ0.4፣ በአንድ ላይ 2.85። ሰበታ፣ ምንም ያልተዘረጋለት ሰበታ፣ ከ2.0 ወደ 2.7። ሰበታ ለምን እንደጨመረ አላውቅም፣ ምናልባት ዝናቡ። ሱሉልታ በሦስት ሩብ ያህል ጨመረ፣ ሰበታም ያንኑ ያህል። የፕሮጀክቱ ውጤት፦ ዜሮ ቢባል ይቀላል።

የላይኛው ሰፈር ፎርሞች ግን ጣቢያው ውስጥ ኤግዚቢት ናቸው። ያለኝ ሞቱማ በስልክ እየነገረኝ እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩት ነው።

ለጋሽ ዳኜ ደብተሬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉንም። "አምንሻለሁ" አሉ። "ግን ፎርም የሌለው ቁጥር ቁጥር አይደለም። ይሄን አንቺ ነሽ ያስተማርሽን።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ሃምሳ ቤት መረጃው አልተገኘም በይ። ውሸት ነው? አልተገኘም።"

ውሸት አይደለም። ይሄ ነው ያበሳጨኝ። ያለ እነሱ ሱሉልታ 4.6 ናት። ሰበታን ስንቀንስ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ጭማሪ። ድንቅ ውጤት! ውሃ የሌላቸውን ሰዎች ካወጣናቸው ውሃ ያልደረሰው ሰው የለም።

ታህሳስ 19፣ ማክሰኞ

ገብርኤል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ እንጂ አልጸለይኩም። ምን ብዬ? ሁለት ነገር ነው የምፈልገው፣ ሁለቱ ደግሞ አብረው አይሄዱም።

አዳዳ ተረፈች ደወሉ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኙ እንጃ። "ደብዳቤው?" አሉ። ብቻ ይቺን። እየተጻፈ ነው አልኩ። ዋሸሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

ታህሳስ 25፣ ሰኞ

ፈረምኩ።

"በሱሉልታ ከተማ ውሃ የሚገኝበት አማካይ ቀን ከ2.1 ወደ 4.6 ከፍ ብሏል። በጸጥታ ምክንያት ከሃምሳ ቤቶች መረጃ ማግኘት አልተቻለም።" የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ፣ በትንንሽ ፊደል አደረጉት። ስሜ ግን የፊት ገጹ ላይ ነው፣ በትልቁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳኜ ደብዳቤውን ፈርመው ማህተም አደረጉበት። ያን ማህተም አምስት ጊዜ አየሁት። ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ እንዲህ ብዬ ልጻፍላቸው።

ታህሳስ 27፣ ረቡዕ

ደብዳቤውን ወሰድኩ። ያው ሰውዬ አነበበው፣ አጥፎ ፋይል ውስጥ አስገባው። "እዚህ የለም" አለ። "ተዛውሯል።" ወዴት? አይነገርም። ደብዳቤው ይከተለዋል አለኝ።

ነገ ገና ነው። ግቢያችን ውስጥ በግ ታስሯል፣ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው በሬዲዮ ተናገሩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዷ እልል አለች። አንድ ሰውዬ "ቀርቷል ማለት ምን ማለት ነው፣ ከየት ላይ ነው የቀረው?" አለ። እኔ ያሰብኩት አሁን ይፈቱታል የሚለውን ብቻ ነው። ቆርቆሮዎቹ ተመልሰው ይመቱ ይሆን? ሄጄ ማየት አልደፈርኩም።

አልፈቱትም።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ሪፖርቱ ቀረበ። ትልቅ አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ በየወንበሩ ፊት። 4.6 ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ወጣ። ለዚህ አረንጓዴ አልጠፋም። አጨበጨቡ። አንዱ እንግዳ እጄን ይዞ "ዘዴው በጣም ጠንካራ ነው" አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

የካቲት 21፣ ሰኞ

ወንዲ ነው የነገረኝ፣ እያመነታ። ቦቴው ቆሟል። ላይኛው ሰፈር ረቡዕ ረቡዕ ጀሪካን አሰልፎ ጠበቀ፣ ሁለት ረቡዕ ሙሉ። ሦስተኛው ላይ የቦቴው ሹፌር በእግሩ መጥቶ "ውሃ ገብቶላችኋል ተብሏል፣ ሪፖርት አለ" አላቸው።

ሪፖርት አለ። የኔ።

አሁን ሴቶቹ ወንዝ ነው የሚወርዱት። አዳዳ ተረፈችም፣ በዚያ ጉልበታቸው።

የካቲት 29፣ ማክሰኞ

ተፈታ! ከብዙ ሰው ጋር ለቀቁት። ደብዳቤዬ ይሁን፣ ማስተር ፕላኑ ይሁን፣ ቦታው ጠቦ ይሁን፣ ማን ያውቃል? አንድን ነገር ምን እንዳመጣው መለየት ነው ሙያዬ... ይሄን ግን አላውቀውም።

አሥር ጊዜ ያህል ደወልኩ። ይጠራል። አያነሳም።

መጋቢት 1፣ ሐሙስ

ጋሽ ዳኜ ጋ ገባሁ። ሪፖርቱ ይታረም አልኩ። ስሜን አውጡ ወይም ላይኛውን ሰፈር አስገቡ። አልተቆጡም። አርጅተዋል፣ በሦስት ወር ውስጥ አርጅተዋል።

"ፎርም አምጪ" አሉ። "ሃምሳውን ባይሆን አሥራ አምስት ቤት፣ የተፈረመ። እኔ ራሴ ማረሚያውን እልካለሁ፣ የመጣው ይምጣ።"

ቃል ነው? ቃል ነው። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። ባዶ ፎርም በራሴ አተምኩ።

መጋቢት 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሄድኩ። ብቻዬን፣ በሚኒባስ። ቀለም የለም፣ ስም ዝርዝር የለም፣ እስክሪብቶና ፎርም ብቻ።

የመጀመሪያው በር። አንዲት ሴት፣ ጀርባዋ ላይ ባዶ ጀሪካን በገመድ ታስሯል፣ ወደ ወንዝ ልትወርድ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ውሃ መጣ?

"ሰባት" አለችኝ።

"ሰባቱንም ቀን?"

"ሰባቱንም። ተመስገን።" ወርዳ ሄደች።

ሁለተኛው በር፣ ሰባት። ሦስተኛው፣ ሰባት። አራተኛው ላይ አንድ ወጣት ገና ሳልጠይቀው "ሰባት" አለኝ። የኦቦ ቀጄላ ጣሪያ ግማሹ ተመልሷል። ቁጭ በይ አሉኝ፣ እርጎ አቀረቡልኝ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ግን አልነበረም። እሳቸውም ሰባት አሉ። ዓይኔን እያዩ። ለምኛቸው ነበር፣ አባቴ ይሄ ለእናንተው ነው፣ ቦቴው እንዲመለስ ነው እያልኩ። "ገብቶኛል ልጄ" አሉኝ። "ሰባት ብለሽ ጻፊ።"

አሥር ቤት። አማካይ ሰባት። ልዩነት ዜሮ። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዳታ አይቼ አላውቅም።

አሥራ አንደኛው የአዳዳ ተረፈች ነው። ሞቱማ ውስጥ ነበር፣ በርጩማ ላይ። ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፏል፣ አያንቀሳቅሰውም። ልሮጥ፣ ልስመው ነበር... ተነስቶ ቆመ።

"ደህና ነዎት?" አለኝ።

ነዎት። አንቺ ነበር የሚለኝ፣ ሚስ አማካይ ነበር የሚለኝ። ዘወር አልኩ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መሰለኝ። የለም።

"ደህና" አልኩ። ይቅርታ ልለው ሦስት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ደብዳቤ ወስጄ ነበር አልኩ። "ነግረውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። እንደ እንግዳ ሰው።

ለአዳዳ ጥያቄውን ጠየቅኳቸው። አምስት ቢጫ ጀሪካን ግድግዳው ስር ተደፍቷል።

"ይመጣል እንጂ" አሉ። "ሰባቱንም ቀን።"

"አዳዳ፣ እባክዎን። እውነቱን ይንገሩኝ።"

"እውነቱን ለዚህ ነገርነው" ወደሱ በአገጫቸው ጠቆሙ። "የለም አልነው፣ ሰፈሩ በሙሉ የለም አለው። የለም ያልንበትን ወረቀት ይዞ ነው የሄደው። ሰማንያ ሰባት ቀን። አሁን ደግሞ አንቺ ይዘሽው የት ልትሄጂ ነው?"

ወደ ሞቱማ ዞርኩ። እሱ ያውቃል። በስልክ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ እያለ የነገረኝ እሱ ነው። እሱ አንድ ቃል ቢላቸው ያምኑታል፣ ሰፈሩ በሙሉ ዛሬውኑ ይናገራል። ፎርሙን ዘረጋሁለት።

"አንተ ንገራቸው" አልኩት። "አንተ ታውቃለህ።"

ፎርሙን ተቀበለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ እንደ ድሮው፣ ስህተት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ መለሰልኝ።

"ሰባት ብለው ይጻፉ።"

ጻፍኩ።